የዕጢን የደም መስመር ለመዝጋት፦ መርፌው፣ ክኒኑ ወይስ ሌላ መንገድ? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት ባንኮኒዬ ላይ ሁለት ወረቀት ዘረጋ። አንደኛው የእናቱ የሐኪም ማዘዣ ነው፤ ቤቫሲዙማብ ይላል። ሁለተኛው ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ሲሆን ሶራፌኒብ የሚል ቃል ተጽፎበታል። የጻፈለት የጎረቤት ልጅ ነው፤ «የእኛን አባት ስድስት ወር አቆይቶልናል» ብሎ።

«ሁለቱም የካንሰሩን ደም ሥር ያደርቃሉ አሉኝ» አለ ወጣቱ። «መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባም ያመላልሰናል። ይሄኛው በኪስ ይያዛል። ክኒኑን ብገዛላትስ?»

የእናቱ በሽታ የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ የጎረቤቱ አባት የታመሙት ጉበታቸውን ነበር። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚመቱት ተመሳሳይ ነገር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ይህን በባንኮኒ ላይ ቆሞ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ስላቃተኝ ይኸው በጽሑፍ አደረግሁት። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የካንሰር ሐኪም አይደለሁም። ጽሑፉ የሐኪሙን ውሳኔ አይተካም፤ ወደ ሐኪሙ ስትገቡ የምትጠይቁትን አውቃችሁ እንድትገቡ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕጢ ውሃ የሚጠልፍበት መንገድ

መራዊ ወርዶ የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ትናንሾቹ የሚወርደው በተራ ነው። በየመንደሩ መስኖም ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት አለ። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥም ደም እንዲሁ በልክ ይታደላል። አዲስ የደም ሥር የሚከፈተው በጥቂት አጋጣሚዎች ብቻ ነው፦ ቁስል ሲድን፣ በወር አበባ ዑደትና በእርግዝና ጊዜ።

ዕጢ ሲጀምር ከተራው ውጭ ያለች ቁራሽ ማሳ ናት። አጠገቧ ካለው የደም ሥር በሚሰርገው ኦክስጅንና ምግብ ትኖራለች፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስትደርስ ግን መሐሏ ይጠማል። እዚያ ላይ ለዓመታት ቆማ ልትቀር ትችላለች። ማደግ ከቻለች የምታድገው የውሃ አባቱን በሐሰት ደብዳቤ አታልላ ነው። ደብዳቤው ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን ያጠራቸው ሴሎች ይረጩታል፤ በአቅራቢያው ያለው የደም ሥር ሲደርሰው ቅርንጫፍ ያወጣና ወደ ዕጢው ያድጋል። ዕጢው ከዚያ በኋላ ይወፍራል፤ በዚያው በአዲሱ ቦይ በኩልም ሴሎቹን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይልካል።

ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 በጽሑፍ አቀረበው፤ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት አልተቀበሉትም። ናፖሊዮኔ ፌራራና የሥራ ጓዶቹ ቪኢጂኤፍን ለይተው ያወጡት በ1989 ነው። ደብዳቤውን የሚይዘው የመጀመሪያው መድኃኒት ቤቫሲዙማብ ደግሞ በየካቲት 2004 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሴሎች የኦክስጅንን እጥረት የሚያውቁበትን መንገድ ያገኙት ሦስት ተመራማሪዎችም በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አንድ ደንበኛዬ ይህን ስነግረው «እንደ እምቦጭ ነዋ!» አለ። አይደለም። እምቦጭ የሚጠጣው ያለውን ሐይቅ ነው፤ ዕጢ ሐይቁን ወደ ራሱ አስቆፍሮ ያመጣል። ልዩነቱ ለሕክምናው ትልቅ ነው፤ ቁፋሮውን ማስቆም ይቻላልና።

ለምርጫችሁ ሁለት ነገር ያዙ። የመጀመሪያው፣ ውሃ መዝጋት ማሳውን አይነቅልም። ዕጢው ይቀጭጫል ወይም ባለበት ይቆማል፤ ውሎ አድሮ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ይማራል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚገኘው ትርፍ በወራት የሚቆጠር ነው። ሁለተኛው፣ በሐሰት ትእዛዝ በጥድፊያ የተቆፈረ ቦይ ያፈሳል፣ ይጠማዘዛል። በዚህ ምክንያት ኬሞቴራፒው ራሱ ወደ ዕጢው ውስጥ በደንብ አይገባም። ራኬሽ ጄይን የተባለ ተመራማሪ በ2001 እንዳስረዳው፣ ቪኢጂኤፍ ሲያዝ የተበላሹት ሥሮች ለጊዜው ቀጥ ይላሉ፤ ኬሞውም መንገድ ያገኛል። መርፌው ከኬሞ ጋር የሚታዘዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከመድኃኒቱ ስም በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

ሰዎች የሚጀምሩት «የቱ ይበረታል?» ብለው ነው። እኔ የምጀምረው ከፓቶሎጂ ወረቀቱ፣ ማለትም ከዕጢው ናሙና ምርመራ ውጤት ነው። «ካንሰር ነው» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ከየትኛው አካል ተነሣ፣ ምን ዓይነት ነው፣ ወዴት ተሠራጭቷል? እዚህ ላይ ስሕተት ካለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ በዚያ ካንሰር ላይ የታየው ጥቅም በቁጥር ስንት እንደሆነ ይጠየቃል። ሐኪሙን «ይረዳታል ወይ?» ከማለት «ያለ እርሱ ስንት ወር፣ ከእርሱ ጋር ስንት ወር?» ማለት ይሻላል። የሚነገራችሁ ቁጥር የመካከለኛው ታካሚ ነው፤ ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች የኖሩበት።

ሦስተኛው ወጪ ነው፤ የአንድ ዙር ሳይሆን የስድስት ወር ወጪ። በዚህ ከተማ ካየኋቸው የከፉ ውሳኔዎች አብዛኞቹ የተወለዱት እዚህ ላይ ነው። በሬ ተሸጦ፣ የቡና መሬት በዘጌ በወለድ አገድ ተይዞ፣ የመጀመሪያው መርፌ ይወጋል፤ ሦስተኛው አይገኝም።

አራተኛው ክትትል ነው፦ ደም ግፊቱን ማን ይለካል፣ ሽንቱን የት ይመረምራል? አምስተኛው የታካሚው የራሱ ታሪክ ነው። የደም ግፊት፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ደም መትፋት፣ በጣና ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ። ወደ ቢልሃርዚያው እመለሳለሁ፤ ብዙ ሰው የማይጠይቀው እርሱን ነውና።

መርፌው፦ ቤቫሲዙማብ

በደም ሥር በጠብታ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ደብዳቤውን መንገድ ላይ ይይዘዋል። ለተሠራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከኬሞ ጋር ሲሰጥ፣ በ2004 በታተመው ዋና ጥናት መካከለኛው ዕድሜ ከ15.6 ወር ወደ 20.3 ወር ከፍ ብሏል። ለተሠራጨ ወይም ለተመለሰ የማኅፀን በር ካንሰር በ2014 በታተመው ጥናት ከ13.3 ወደ 17 ወር። ለአንዳንድ የሳንባ፣ የእንቁላል ዕጢና የኩላሊት ካንሰሮችም ይታዘዛል። ለጉበት ካንሰር አቴዞሊዙማብ ከሚባል የበሽታ መከላከያ አነቃቂ ጋር ሲጣመር ከሶራፌኒብ በልጦ ታይቷል፤ 19.2 ወር በ13.4። የጥምሩ ወጪ ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚደረስበት አይደለም።

የማይጠቅምበትንም ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ለጡት ካንሰር በአሜሪካ በ2008 ተፈቅዶ ነበር፤ ዕድሜ እንደማያስረዝም ሲረጋገጥ በ2011 ፈቃዱ ተነሣ። የአንጀት ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወጥቶለት ሌላ ቦታ ላልተሠራጨበት ሰውም «እንዳይመለስ» ተብሎ ሲጨመር በትልልቅ ጥናቶች ጥቅም አላሳየም። የአቅም ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘብ የተረፈው ሰውም ቢሆን አይግዛው።

ወደ ሒሳቡ። መጠኑ በክብደት ነው። ለአንጀት ካንሰር የተለመደው በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በየሁለት ሳምንቱ ነው፤ 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 250 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ብልቃጦቹ ባለ 100 እና ባለ 400 ሚሊ ግራም ስለሆኑ ሦስት ትናንሽ ትገዛላችሁ፤ የመጨረሻው ግማሽ ይደፋል። በ24 ሳምንት 12 ዙር፣ 36 ብልቃጥ ማለት ነው። ለማኅፀን በር ግን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም በየሦስት ሳምንቱ ነው፤ ለዚያችው ሴት 750 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ሁለት ባለ 400 ብልቃጥ። በሳምንት ሲሰላ የአንጀቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ «የእገሌ እናት ስንት አወጡ?» ብሎ ከሌላ ካንሰር ቤተሰብ ዋጋ መጠየቅ ያሳስታል። አንድ የሚያተርፍላችሁ ምክር፦ ሁለት ታካሚዎች በአንድ ቀን በአንድ ክፍል የሚወጉ ከሆነ፣ የሚደፋውን መጋራት ይቻል እንደሆነ ሆስፒታሉን ጠይቁ።

ከመጀመሪያው ምርት ሌላ ተመሳሳዮቹ ባዮሲሚላሮች ከ2017 ጀምሮ በትልልቅ ተቆጣጣሪዎች ጸድቀዋል፤ በአብዛኛው ይረክሳሉ። ርካሽ በመሆናቸው አትጠራጠሩ። የሚያጠራጥረው ሌላ ነው፤ በሻንጣ የመጣ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልመዘገበው። በ2012 በአሜሪካ እንኳ በዚህ መድኃኒት ስም የተሸጡ፣ ውስጣቸው መድኃኒቱ የሌለባቸው ብልቃጦች ተገኝተዋል።

መጓጓዣው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ መቀዝቀዝ አለበት ሲባል ግን በረዶ ሆኖ መርጋት የለበትም፤ መናጥም የለበትም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚላክ ብልቃጥ የአባይን በረሃ በቀትር ሲያቋርጥ አስቡት። አንድ ቤተሰብ መድኃኒቱን በበረዶ ላይ በቀጥታ አስተኝቶ አምጥቶ፣ ስንከፍተው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ አገኘነው። የክትባት ዓይነት ሳጥን ተጠቀሙ፤ በረዶውና ብልቃጡ መካከል ካርቶን ይግባ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ታካሚው ከሚመጣ ታካሚው ወደ መድኃኒቱ ይሂድ።

አደጋዎቹ ከአሠራሩ ይመነጫሉ። አዲስ የደም ሥር የሚያስፈልገው ቁስል አይድንም፤ ስለዚህ ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በፊትም በኋላም ቢያንስ 28 ቀን ይቆያል። የደም ግፊት ይጨምራል፤ ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፤ ደም ይፈሳል ወይም ይረጋል፤ አልፎ አልፎ አንጀት ይበሳል። በማኅፀን በር ካንሰር ላይ ደግሞ ፌስቱላ አለ፤ በብልትና በፊኛ ወይም በአንጀት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ ነው። ለባሕር ዳር ሰው ይህ ቃል አዲስ አይደለም፤ የሐምሊን የፌስቱላ ማዕከል እዚሁ ነው። ሴቶቹ ወደዚያ የሚሄዱት በአብዛኛው በወሊድ ጉዳት ነው፤ ይህኛው ግን ከካንሰሩና ከሕክምናው ይመጣል። በጥናቱ ይበልጥ የታየው ቀደም ሲል ዳሌያቸው ላይ ጨረር በወሰዱ ሴቶች ነው። «ጨረር ወስዳ ነበር» የሚለውን ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትውጡ።

ክኒኖቹ፦ ሶራፌኒብ፣ ሱኒቲኒብ፣ ፓዞፓኒብ፣ ሌንቫቲኒብ

እነዚህ ደብዳቤውን አይይዙም፤ የደም ሥሩ ደብዳቤውን የሚያነብበትን ዓይን ይጋርዳሉ። ከቪኢጂኤፍ ሌላ ሌሎች ትእዛዞችንም ያቋርጣሉ፤ ስለዚህ ብቻቸውን ይሠራሉ፤ የጎን ጉዳታቸውም የዚያኑ ያህል የተበታተነ ነው።

ለጉበት ካንሰር ሶራፌኒብ በ2007 ሲፈቀድ ዕድሜን ከ7.9 ወደ 10.7 ወር አድርሶ ነበር። ሌንቫቲኒብ በ2018 አብሮት ተሰለፈ፤ በጥናት አልተሸነፈም፣ በግልጽም አላሸነፈም። ለኩላሊት ካንሰር ሱኒቲኒብና ፓዞፓኒብ ለዓመታት ዋናዎቹ ነበሩ። አሁን አቅም ባለበት አገር መጀመሪያ የሚሰጠው የበሽታ መከላከያ አነቃቂ ያለበት ጥምር ነው፤ እርሱ በማይገኝበት ቦታ ግን ሁለቱ አሁንም ተገቢ ምርጫዎች ናቸው። በ2013 በታተመ ቀጥተኛ ንጽጽር ፓዞፓኒብ ከሱኒቲኒብ አላነሰም። ታካሚዎች ሁለቱንም በየተራ ቀምሰው እንዲመርጡ በተደረገበት ሌላ ጥናት ደግሞ 70 በመቶው ፓዞፓኒብን መረጡ፤ ሱኒቲኒብን 22 በመቶ። ድካሙና የአፍ ቁስሉ ያነሰ ስለሆነ ነው። እኔም ጉበቱ ጤናማ የሆነ የኩላሊት ታካሚ ዋጋቸው ተቀራርቦ ቢያማክረኝ ሐኪሙን ስለ ፓዞፓኒብ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። ጉበት የታመመ ከሆነ ምክሬን እመልሳለሁ፤ ፓዞፓኒብ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የጉበት ምርመራ በተደጋጋሚ ይፈልጋል።

አወሳሰዱን እናንሣ፤ ጾምና ክኒን በቤታችን ይጋጫሉና። ሶራፌኒብና ፓዞፓኒብ በባዶ ሆድ ናቸው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ። ሱኒቲኒብና ሌንቫቲኒብ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳሉ። ሶራፌኒብ በቀን ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ፍሬ ነው፤ በወር 120 ፍሬ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አንዲት እናት ጠዋት 12 ሰዓት የሚወስዱትን «ውሃ ጾም ያፈርሳል» ብለው ወደ ቀትር በኋላ እየገፉ ሁለቱን መጠን በአምስት ሰዓት ልዩነት ይውጡ ነበር። የንስሐ አባታቸው ሰምተው ፈቀዱላቸው፤ ካህናት ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፤ የሚቸግረው አለመጠየቁ ነው። ጸበሉም እንዲሁ፤ መድኃኒት አያስቆምም።

የሶራፌኒብ ትልቁ ፈተና እጅና እግር ነው። መዳፍና ውስጠ እግር ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ማጭድ ለሚይዝ ገበሬ ወይም ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ይህ «ቀላል የጎን ጉዳት» አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከመጀመሩ በፊት ኮንጎ ጫማውን በለስላሳ ጫማ መለወጥ፣ ጠንካራውን ቆዳ ማስነሣት፣ ማታ ማታ ቫዝሊን መቀባት። ከባሰ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል። መጠን መቀነስ ሽንፈት አይደለም፤ ደብቆ አቋርጦ «እየወሰድሁ ነው» ማለት ነው የሚጎዳው። ሱኒቲኒብ ቆዳን ወደ ቢጫ ይለውጣል፤ ቤተሰብ የወፍ በሽታ መስሎት ይደነግጣል። የዓይን ነጩ ቢጫ ካልሆነ በአብዛኛው የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ቢሆንም አሳዩት።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ተጠንቀቁ። ከነቀርሳው መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ከእነዚህ ክኒኖች አብዛኞቹን ጉበት ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል። ውድ ክኒን ተውጦ በደም ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል።

ቢልሃርዚያው

ጣና ዳር ያደገ ሰው በልጅነቱ ሐይቁ ውስጥ ዋኝቷል፤ ቢልሃርዚያም በአካባቢው የታወቀ ነው። በሽታው ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ በጉበት ውስጥ ያለውን የደም መተላለፊያ ያጠብባል፤ ደሙ መውጫ ሲያጣ በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ያሉ ሥሮች ያብጣሉ። ሄፓታይተስ ቢ ያመጣው የጉበት ጠባሳም እንዲሁ ያደርጋል። በእነዚህ ያበጡ ሥሮች ላይ ቪኢጂኤፍን የሚዘጋ መድኃኒት፣ በተለይ ቤቫሲዙማብ፣ ሲጨመር ገዳይ ደም መፍሰስ ሊመጣ ይችላል። ለጉበት ካንሰር ጥምሩ በተፈተነበት ጥናት ታካሚዎቹ አስቀድመው በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) እንዲታዩና ያበጠው ሥር እንዲታከም ግዴታ ነበር። በዘጌ፣ በደቅና በዙሪያው ላደገ ታካሚ «ኢንዶስኮፒ ያስፈልገው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ አያስከፍልም፤ የሚያስከፍለው ሳይጠይቁ መጀመሩ ነው።

የጉበትን ሥር በቀጥታ መድፈን

ይህ መድኃኒት ሳይሆን ሥራ ነው። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ እስከ ጉበት ይደርሳል፤ ኬሞ ይረጭና ወደ ዕጢው የሚሄደውን መስመር ይደፍነዋል። የሚቻለው ጤናማው ጉበት ከደሙ ሦስት አራተኛ ያህሉን ከአንጀት ከሚመጣው ትልቅ ሥር ስለሚያገኝ ነው፤ ዕጢው ግን የሚጠጣው በዋናነት ከሌላኛው፣ ከደም ቅዳው ነው። የአንዱ ቦይ ሲዘጋ ሌላው ማሳ አይደርቅም። ዕጢው ከጉበት ላልወጣ፣ ጉበቱ ገና ለሚሠራ፣ ትልቁ ሥር ላልተዘጋ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። ከሥራው በኋላ ለቀናት ትኩሳትና ሕመም ይጠበቃል። ደግሞም የተጠማው ዕጢ ተጨማሪ ቪኢጂኤፍ ይረጫል፤ ሥራው በየጊዜው የሚደገመው በከፊል ለዚህ ነው። መሣሪያውና ባለሙያው ያለበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ከባሕር ዳር ከመነሣታችሁ በፊት ቀጠሮውን በስልክ አረጋግጡ፤ የሲቲ ስካኑን ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

ታሊዶማይድ፣ ቅጠላ ቅጠልና «ምንም አለመጨመር»

ታሊዶማይድ በ1961 ከገበያ የተነሣው ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ስላደረገ ነው። በ1994 አዲስ የደም ሥር እንደሚከለክል ታየ፤ በ2006 ለመልቲፕል ማይሎማ፣ ማለትም ለመቅኔ ካንሰር ተፈቀደ። ለዚያ ካንሰር ብቻ አስቡት። በቤት ውስጥ እርጉዝ ልትሆን የምትችል ሴት ካለች ክኒኑ ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ስለ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ሌላም «ደም ሥር ያደርቃል» ተብሎ ስለሚሸጥ ዱቄት አጭር ነኝ። በቤተ ሙከራ ሳሕን ውስጥ በሴል ላይ የታየ ነገር በሰው ላይ ወራት እንደሚጨምር አልተረጋገጠም። በወጥ ውስጥ ያለው እርድ አይጎዳችሁም፤ በብዛት የሚጠጣው ግን ክኒኑን ሊያውክና ጉበትን ሊያደክም ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ።

ደም ሥር የሚዘጋ ነገር ሳይጨምሩ ኬሞውን ብቻ መቀጠል፣ ወይም ሕመም ማስታገሻ ላይ ማተኮር፣ እንደ ምርጫ አይቆጠርም ብለው የሚያስቡ አሉ። ይቆጠራል። ኬሞው ሳይቋረጥ ሙሉ ዙሩን መጨረስ፣ ከተቋረጠ ኬሞና ከሁለት ብልቃጥ ቤቫሲዙማብ ይበልጣል። የሚዋጥ ሞርፊን ሲያስፈልግ በወቅቱ መጠየቅም ከሕክምናው ውስጥ ነው።

| መንገድ | የሚስማማው | የታየ ጥቅም | እዚህ የሚያስፈልግ ክትትል | ዋና ሥጋት | የወጪው ጠባይ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቤቫሲዙማብ ከኬሞ ጋር | የተሠራጨ የአንጀት፣ የማኅፀን በር | 15.6→20.3 ወር፤ 13.3→17 ወር | ደም ግፊትና ሽንት በየዙሩ | ደም መፍሰስ፣ ፌስቱላ፣ የማይድን ቁስል | በክብደት፤ ቅዝቃዜ ይፈልጋል |
| ሶራፌኒብ፣ ሌንቫቲኒብ | የጉበት | ሶራፌኒብ 7.9→10.7 ወር | ደም ግፊት በየሳምንቱ፣ የጉበት ምርመራ | የእጅና እግር ቁስል፣ ተቅማጥ | በየወሩ የማይቋረጥ |
| ፓዞፓኒብ፣ ሱኒቲኒብ | የኩላሊት | እርስ በርስ ተቀራራቢ | ደም ግፊት፣ ጉበት፣ እንቅርት | ፓዞፓኒብ ጉበት፤ ሱኒቲኒብ ድካም | በየወሩ የማይቋረጥ |
| የጉበት ሥር መድፈን | ከጉበት ያልወጣ ዕጢ | ለተመረጡ ታካሚዎች ዕድሜ ያስረዝማል | ከሥራው በኋላ ምርመራና ስካን | ትኩሳት፣ የጉበት መዳከም | በአንድ ጊዜ ብዙ፤ ጉዞ |
| ታሊዶማይድ | የመቅኔ ካንሰር | ከሌሎች ጋር ሲጣመር | ነርቭ፣ የደም መርጋት | የፅንስ ጉዳት | በአንጻሩ ቀላል |
| ሳይጨምሩ መቀጠል | ጡት፣ ሙሉ በሙሉ የወጣ ዕጢ፣ አቅም የሌለው | ኬሞው ራሱ | እንደ ኬሞው | እንደ ኬሞው | ዝቅተኛው |

ለማን የቱ?

ከባሕር ዳር መራቅ የማይችል፣ አስታማሚው አንድ ልጅ ብቻ የሆነ የጉበት ታካሚ፣ ጉበቱ ገና ደኅና ከሆነ ክኒኑ ይስማማዋል፤ የደም ግፊቱን በየሳምንቱ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የሚለካለት ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ካለ። ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ግን ከክኒኑ ከሚያገኘው የሚያጣው ሊበልጥ ይችላል። የአንጀት ካንሰሩ የተሠራጨ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው፣ የስድስት ወሩን ገንዘብ ቆጥሮ ያስቀመጠ ሰው ስለ መርፌው ሐኪሙን ቢያነጋግር ተገቢ ነው። ግማሹን ብቻ የያዘ አይጀምር፤ ያንን ግማሽ ለኬሞው፣ ለምግቡና ለትራንስፖርቱ ያውለው። ግፊቱ ከ150 በ100 በላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ ግፊቱን ያስተካክል፤ ርካሽ የግፊት ክኒን ሳይወስድ የሚገዛው ውድ ብልቃጥ በመሐል መቋረጡ አይቀርም።

የወጣቱ እናት ጉዳይ ከሁሉም የከበደኝ ነበር። ማዘዣው ትክክል ነው፤ ካንሰሩም መርፌው ከሚረዳቸው አንዱ ነው። በደብተሩ ቅጠል ጀርባ አብረን ቆጠርን፦ 50 ኪሎ፣ 750 ሚሊ ግራም፣ በስድስት ወር ስምንት ዙር፣ 16 ትልቅ ብልቃጥ፣ ስምንት ጊዜ መንገድ፣ ስምንት ጊዜ ማደሪያ። ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «እናትህ ጨረር ወስደው ነበር?» አልሁት። «ዐምና፤ ከዚያ ወዲህ ሽንት ሲሸኑ ያማቸዋል» አለ። ማዘዣው ላይ ስለ ጨረሩ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከሒሳቡ በታች «ጨረር ዐምና፤ ሽንት ያማቸዋል፤ ፌስቱላ?» ብዬ ጻፍሁበት፤ ቅጠሉን አጥፎ ከማዘዣው ጋር ኪሱ ከተተው፤ ምንም ሳይገዛ ወደ ሐኪሙ ሄደ።